ጓሳ ምድር ለሚያቋርጥ ወጣት ምን ዓይነት ቡትስ ይገዛለት?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መጠጠር ሲጀምር በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ወጣቶች በቡድን ሆነው ለረጅም የእግር ጉዞ ይነሣሉ። አንዳንዱ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም ንግሥ፣ አንዳንዱ ለጀማ ንጉሥ መውሊድ፣ ሌላው ደግሞ ከትምህርት ቤት ክበቡ ወይም ከሠፈር ጓደኞቹ ጋር ከደሴ በስተምዕራብ ያለውን ደጋ በእግሩ ለማየት ይሄዳል። ጉዞው ሲቃረብ ወላጅ ከልጁ ጋር ጫማ ፍለጋ ገበያ ይወጣል፤ በዚያች አንድ ቀን የሚደረገው ምርጫ የጉዞውን ምቾት ብቻ ሳይሆን ልጁ ጉዞውን መጨረስ አለመጨረሱን ሊወስን ይችላል።

በዚህ ምርጫ ላይ ሦስት እምነቶች ሥር ሰድደው ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ልጁ ገና እያደገ ስለሆነ ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት ብልህነት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ጫማ በከበደና በጠጠረ መጠን ጠንካራ ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ውሃ አያስገባም የተባለ ጫማ ሁሉ እግርን ደረቅ አድርጎ ያውላል የሚለው ነው። ሦስቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን በጓሳው መካከል ልጁን ለችግር ይዳርጋሉ።

ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ዕድሜው ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆነ፣ ስንቁንና ልብሱን በጀርባው ተሸክሞ በሁለት ቀን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝን ወጣት ነው። ቡትስ ስንልም አንገቱ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ በክር የሚታሰር ጫማ ማለታችን ነው። በጽሑፉ ሁሉ የምንመለስበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ቡትስ የሚመረጠው ጠዋት ከቤት ለሚወጣው ያረፈና ደረቅ እግር ሳይሆን ከቀትር በኋላ አብጦና ረጥቦ ቁልቁለት ለሚወርደው እግር ነው።

ጓሳ ምድር ከተራ መንገድ በምን ይለያል?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2500 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ወደ ጉጉፍቱና ወደ ለጋምቦ ሲወጣ ምድሩ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በደቡብ ወሎ ከፍተኛ ከሆኑት ተራሮች አንዱ የሆነው አምባ ፈሪት ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ ላይ ዛፍ ይጠፋና ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ምድሩን ይይዙታል። ከሩቅ ሲታይ ሜዳው የተነጠፈ ይመስላል። ሲረገጥ ግን ጓሳው ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ በጉቦቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ በሣሩ ስለሚሸፈን እግር የት እንደሚያርፍ አይታይም፤ ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድም አለበት። ዝቅ ባለው ቦታ ጨፌ ይገጥማል። ወደ ወረኢሉና ወደ ጃማ ሜዳ ከተወረደ ደግሞ ዋልካ አለ፤ ዝናብ ሲነካው ከሶሉ ሥር ተጣብቆ በየእርምጃው እየደለበ የሚሄደውን ጥቁር አፈር ያልቀመሰ የአካባቢው ተወላጅ አይገኝም።

ደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም የሚያገኝ አገር በመሆኑ ምድሩ የሚረጥብበት ጊዜ በዓመት ሁለቴ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ የተጋገረው አመዳይ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጥና ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ጫማን ያርሳል።

ወጣቶች በእንዲህ ያለ ምድር ረጅም መንገድ የሚጓዙት እኛ አገር ብቻ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር በሚባለው ረግረጋማ ደጋ ላይ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ‹ቴን ቶርስ› የተሰኘ የወጣቶች ጉዞ ይካሄዳል። ከ14 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ስድስት ስድስት እየሆኑ በሁለት ቀን 56፣ 72 ወይም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ረግረጉና ጉብ ጉብ ያለው ሣር ከእኛ ጓሳ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ በበጋ ቀን ፀሐይዋ ጠንካራ መሆኗ ነው፤ ጠዋት የራሰ ነገር ቀትር ላይ ሊደርቅ ይችላል። ይህ ልዩነት ስለ ውሃ መከላከያ ስንነጋገር ትልቅ ትርጉም ስለሚኖረው ይታወስ።

ልጁ ያድግበታል ተብሎ ሰፋ ያለ ቢገዛ ምን ችግር አለው?

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ እንይ። ገበያችን ላይ የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ርዝመቱ የሚጨምረው የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ማስበለጥ ማለት ለጉዞ ከሚያስፈልገው ክፍተት በላይ ሌላ 1.3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ መጨመር ነው። በዚያ ባዶ ቦታ እግሩ በየእርምጃው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዳገት ሲወጣ ተረከዙ ከጫማው እየተነሣ ይታሻል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ጣቶቹ ወደ ፊት ሄደው የጫማውን አፍንጫ ይገጫሉ። በጉዞ ማግስት የአውራ ጣት ጥፍሩ ጠቁሮ የሚገኝ ልጅ ብዙውን ጊዜ ጫማው ጠብቦት ብቻ ሳይሆን ሰፍቶትም ሊሆን እንደሚችል ወላጆች ቢያውቁት መልካም ነው።

በሌላ በኩል ጠዋት ልክክ ብሎ የገባ ጫማ ከቀትር በኋላ ይጠብባል፤ እግር ረጅም ሰዓት ሲሄድ ያብጣልና። ስለዚህ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። ከረጅሙ ጣት ጫፍ እስከ ጫማው አፍንጫ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በግምት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ቢኖር ይበቃል። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ከአውራ ጣቱ ቀጥሎ ያለው የሚረዝምበት ሰው ብዙ ነው።

ልኩን ቤት ውስጥ መውሰድ ይቻላል። ማታ፣ እግሩ ከዋለበት ሥራ አብጦ ሳለ፣ ልጁ ለጉዞ የሚለብሰውን ካልሲ አጥልቆ ወረቀት ላይ ይቁም፤ ተረከዙን ግድግዳ ያስነካ። እርሳስ ቀጥ አድርጎ በመያዝ የሁለቱም እግሮች ዙሪያ ይሠመር። ሁለቱ እግሮች እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ የሚወሰደው የትልቁ ልክ ነው። ለምሳሌ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 1.2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲጨመር 26.2 ይመጣል፤ ይህ በ1.5 ሲባዛ 39.3 ይሆናል። ስለዚህ ፍለጋው ከ39ና ከ40 ይጀመራል ማለት ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን እግሩ ነው፤ አምራቾች ቅርጽ ስለሚለያዩ አንድ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ጫማዎች እኩል አይሆኑም። የተሠመረበትንም ወረቀት ቆርጦ ገበያ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። የጫማው የውስጥ ሶል ከወጣ በኋላ ወረቀቱ በላዩ ሲነጠፍ ጠርዙን አልፎ ከወጣ፣ በርዝመት ቢበቃም በስፋት አይበቃም፤ ስፋት ደግሞ ሻጭም ገዢም የሚዘነጉት ነገር ነው።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይፈተኑ። ክሩ ሳይታሰር እግሩን ወደ ፊት ገፍቶ ጣቶቹ አፍንጫውን ሲነኩ ከተረከዙ ኋላ አንድ ጣት ብቻ መግባት አለበት። ከዚያ ክሩ በደንብ ታስሮ ደረጃ ወይም የተዳፋ ቦታ ላይ ቁልቁል ይውረድ፤ ጣቶቹ ፊት ለፊት ከነኩ ጫማው አይሆንም። ደሴ ተዳፋት የማይታጣባት ከተማ ስለሆነች ሻጩን አስፈቅዶ ከሱቁ ደጃፍ ጥቂት እርምጃ መሄድ በቂ ነው።

ስለ ዕድገት ያለው ሥጋት ተገቢ ነው። የሴት ልጅ እግር በአብዛኛው እስከ 14 ዓመት፣ የወንድ ልጅ ደግሞ እስከ 16 ዓመት አካባቢ ያድጋል፤ ዛሬ የተገዛ ቡትስ ለከርሞ ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ግን ጫማውን ማስፋት ሳይሆን ውድ ጫማ አለመግዛት ነው። እያደገ ላለ ልጅ በልኩ የሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለው ጫማ ገዝቶ በሚቀጥለው ዓመት ለታናሽ ወንድም ወይም እኅት ማውረድ የተሻለ ነው።

እግር ውሃ የሚቋጥረው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ውሃ መቋጠር ቆዳ ከላይ ተፍቆ የሚመጣ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ላዩ ላይ ያለው ቆዳ ግን ከካልሲውና ከጫማው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያሉት የቆዳ ድርብርቦች በሺህ ጊዜ ሲጎተቱ እርስ በርስ ይላቀቁና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። የረጠበ ቆዳ ለስልሶ ይበልጥ ስለሚጣበቅ እርጥበት ነገሩን ያፋጥነዋል። ለዚህ ነው የጫማ ልክ፣ ካልሲና ውሃ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ቢመስሉም በአንድነት መታየት ያለባቸው።

ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይግላል፤ ያቃጥላል። ልጁ ይህን ስሜት ሲያውቅ ቡድኑን አስቁሞ ጫማውን አውልቆ ቦታውን ማድረቅና ፕላስተር መለጠፍ አለበት። ወጣቶች ጓደኞቻቸውን ላለማስቆም ሲሉ ዝም ይላሉ፤ ወላጅም አስተባባሪም ከጉዞው በፊት ደጋግመው ሊነግሯቸው የሚገባው ይህን ነው፤ አምስት ደቂቃ መቆም ነውር አይደለም።

የክር አስተሳሰርም ድርሻ አለው። ክሩ ከእግር ጀርባ ወደ ቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከመንጠቆዎቹ በታች፣ ሁለት ጊዜ ተጠማዝዞ ቢጠብቅ ተረከዙ ወደ ኋላ ተይዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክር ላላ ብሎ ሊታሰር ይችላል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ይህን ማድረግ ጣቶቹን ያድናቸዋል።

ከባድ ጫማ ጠንካራ አይደለም ወይ?

ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጫማ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚነሣ ሸክም ነው። አንድ እርምጃ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ እያንዳንዱ እግር 700 ጊዜ ያህል ይነሣል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ከ35 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። በአንዱ እግር 300 ግራም የሚበልጥ ቡትስ የመረጠ ልጅ በጉዞው መጨረሻ በዚያ እግሩ ብቻ በጥቅሉ ከ10 ቶን በላይ ትርፍ ክብደት አንሥቷል። በወታደሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እግር ላይ የሚታሰር ክብደት ጀርባ ላይ ከሚጫን እኩል ክብደት ከ4 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ጉልበት እንደሚጨርስ አሳይተዋል።

ከስክስ ለዚህ ጉዞ ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከስክስ ለአዋቂ ሰው፣ ለሥልጠናና ለረጅም አገልግሎት የተሠራ ነው፤ ጥንዱ ወደ 2 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል፤ ለመላመድም ሳምንታት ይፈልጋል። ጉልምስናውን ያልጨረሰ፣ 45 ኪሎ ግራም የሚመዝን የ15 ዓመት ልጅ እርሱን አጥልቆ ሁለት ቀን መጓዝ የለበትም ባይ ነኝ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጥንዱ ከ1.2 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ቡትስ ቢፈለግለት ይሻላል፤ በጎረቤት ያለ የአትክልት ሻጭ ሚዛን ይህን ለማወቅ ይበቃል።

ቀላል ይሁን ሲባል ግን ልፍስፍስ ይሁን ማለት አይደለም። ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ አፍንጫውንና ተረከዙን ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ላይ ከታጠፈ ደኅና ነው። መሐሉ ላይ ከታጠፈ፣ ወይም እንደ ተጨመቀ ልብስ በቀላሉ ከተጠማዘዘ፣ በጓሳው ጉብታ ላይ የእግሩን መዳፍ አይደግፍም። ሸራ ጫማና የከተማ ስኒከር የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው።

ውሃ አያስገባም የተባለው ጫማ እውነት አያስገባም?

ብዙዎቹ ውሃ የማያስገቡ ቡትሶች በላይኛው አካልና በገበሩ መካከል ስስ ሽፋን አላቸው። ከእነዚህ የታወቀው ጎርቴክስ ነው፤ መነሻውም በ1969 እ.ኤ.አ. ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ አንድን የፕላስቲክ ዓይነት በፍጥነት ሲስበው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ነገር ማግኘቱ ነው። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ይሠራል፤ የላብ ተን በቀዳዳዎቹ ያልፋል፣ ጠብታ ሆኖ የመጣ ውሃ ግን ስለሚበልጣቸው ይቀራል።

ችግሩ ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የጫማው ላይኛ አካል በውሃ ሲጠግብ ተኑ መውጫ ያጣና እግሩ በራሱ ላብ ይርሳል። ሁለተኛ፣ ውሃ የሚገባው በአብዛኛው በሶሉ ወይም በጎኑ ሳይሆን በአንገቱ ነው። ጨፌ ውስጥ እስከ ቅልጥሙ የገባ ልጅ፣ ወይም ጠል ያዘለ ጓሳ ሱሪውን አርሶት ውሃው በካልሲው በኩል የወረደበት ልጅ፣ ጫማው የቱንም ያህል ቢከላከል እግሩ ይርሳል። ከዚያ በኋላ ውሃን ወደ ውስጥ ያላስገባው ሽፋን ወደ ውጭም አያስወጣውም፤ ጫማውም በአንድ ሌሊት አይደርቅም።

ስለዚህ መልሱ እንደ ወቅቱና እንደ መንገዱ ይለያያል። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ምድሩ ጠጥሮ ጠዋት አመዳይ ብቻ በሚኖርበት ጊዜ፣ ሽፋን ያለው ጫማ እግርን ከቅዝቃዜና ከጤዛ ይጠብቃል። ውሃ ደጋግሞ በሚቋረጥበት በመስከረም ወይም በበልግ ጉዞ ግን ሽፋን የሌለው፣ ውሃው ቶሎ የሚወጣለትና ቀትር ላይ በፀሐይ የሚደርቅ ጫማ፣ ከተለዋጭ ካልሲ ጋር፣ የተሻለ ይሆናል። የጎማ ቦት ጫማ ለእርሻና ለጭቃ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተረከዝ አይይዝም፣ ላብም አያስወጣም፤ ለ50 ኪሎ ሜትር አይመከርም።

በየትኛውም ምርጫ ምላሱ ይታይ። ከሁለቱም ጎን እስከ ላይ ከጫማው አካል ጋር የተሰፋ ምላስ ውሃና ጠጠር በክሩ መካከል እንዳይገባ ያደርጋል፤ ጎኑ ክፍት የሆነ ምላስ ግን ውሃን የሚያግደው ነገር የለም።

ቆዳ ነው ወይስ ጨርቅ የሚሻለው?

ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ የባቲ ፍየል ቆዳም በዓለም የቆዳ ገበያ በስሙ የሚታወቅ ነው። ይሁን እንጂ የፍየልና የበግ ሌጦ ስስ በመሆኑ ለጓንት፣ ለጃኬትና ለቀላል ጫማ እንጂ ለደጋ ቡትስ አካል አይበቃም። ለዚያ የሚሆነው የከብት ቆዳ ነው፤ እርሱም ጠጉር የነበረበት የላይኛው ገጽ ሳይፋቅ የቀረለት። ይህ ገጽ ውሃን በደንብ ይከላከላል፤ ከእግሩም ቅርጽ ጋር ይስማማል። ውፍረቱ ተሰንጥቆ ከታች የወጣው ክፍል ርካሽ ነው፤ ላዩ በቀለም ስለሚሸፈን ሲታይ ይመሳሰላል። የሚለየው ጫማው ሲታጠፍ ነው፤ ተፈጥሯዊው ገጽ ጥቃቅን ሽብሽብ ይሠራል፣ የተቀባው ግን እንደ ላስቲክ ይጨማደዳል ወይም ይሰነጠቃል።

የጨርቅና የቆዳ ቅልቅል የሆነ ቡትስ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ማላመድም ብዙ አያስፈልገውም። ለወጣት ተጓዥ በአብዛኛው ይህኛው ይስማማል። ቆዳ የሚመረጠው ጉዞው በሚደጋገምበትና እግሩ ማደግ ባቆመ ወጣት ላይ ነው።

ሶሉ ላይ ምን ይታያል?

ዛሬ የምናውቀው ጥርሳም የጎማ ሶል መነሻው አሳዛኝ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አልፕስ ፑንታ ራሲካ በተባለ ተራራ ላይ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ ለአየሩ የማይሆን ጫማ ማድረጋቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ጓደኞቹን ያጣው ቪታሌ ብራማኒ የተሻለ ሶል ለመሥራት ተነሣ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. የጎማ ሶሉን አወጣ። ቪብራም የሚለው የንግድ ስም የእርሱ ስም ምጥን ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙ ቡትሶች ሥር ታትሞ ይገኛል።

የሶል ጥርስ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሲኖረው ድጥ ላይ ይነክሳል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ከጥልቀቱ ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ጥርሶቹ ከተጠጋጉ ዋልካው በመካከላቸው ተጠቅጥቆ ይቀርና ሶሉ ለስላሳ ይሆናል። ታኮው ከቀሪው ሶል ተለይቶ ጎላ ያለ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚሆነው ያ ጠርዝ ነው።

ከሰልቫጅ መግዛት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለብዙ ቤተሰብ በአቅም የሚገኘውም እርሱ ነው። ከውጭ የመጡ ልባሽ ቡትሶች መካከል በአዲስ ዋጋቸው የማይደፈሩ ጥሩ ጫማዎች ይገኛሉ። ነገር ግን አንድ የተደበቀ አደጋ አላቸው፤ ይህን ጉዳይ ጊዜ ሰጥተን የምናብራራውም ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው።

መሬት በሚነካው ሶልና በእግሩ መካከል የመሐል ሶል አለ። ሥራው ግጭትን ማለዘብ ነው። በብዙ ቡትሶች ላይ ይህ ክፍል ፖሊዩሪቴን ከተባለ ነገር ይሠራል። ፖሊዩሪቴን በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ኬሚስቶች ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። ሙቀትም ያፋጥነዋል። ጫማው ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንድም ቀን ሳይለበስ በካርቶን ተቀምጦ ቢቆይም እንኳ፣ የመሐል ሶሉ ሊፈረፈር ይችላል። ቆዳው ያበራል፤ የታች ሶሉ ጥርስ አዲስ ነው፤ ሻጩም ሳያውቅ በቅን ልብ ይሸጠዋል። ከዚያ ጉዞው በተጀመረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሶሉ ተላቅቆ እንደ ምላስ ይንጠለጠላል፤ ቦታው ደግሞ ጫማ ሰፊ የማይገኝበት ጓሳ መካከል ሊሆን ይችላል።

ይህን ገበያ ላይ ለመለየት የጫማውን ጎን ማየት ያስፈልጋል። ከቆዳው በታችና ከጥቁሩ ጎማ በላይ ያለውን ወፍራም መሥመር በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ማለት ነው። ጤነኛው ገባ ብሎ ወዲያው ይመለሳል። የጥፍሩ ምልክት ካልጠፋ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር ከወጣ፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ ወይም ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ይገባል። አንዳንድ አምራቾች በምላሱ ውስጠኛ ገጽ በተሰፋ ትንሽ ጨርቅ ላይ የተመረተበትን ወርና ዓመት ያትማሉ፤ ካለ ይነበብ። የመሐል ሶሉ ኢቪኤ ከሚባለው ቀለል ያለ ነገር ከሆነ በእንዲህ ዓይነት መንገድ አይፈርስም፤ የእርሱ ድክመት በአገልግሎት ብዛት ተጨፍልቆ መቅረት ነው።

ሁለተኛው የልባሽ ጫማ ጉዳይ የቀድሞው ባለቤት እግር ነው። ጥንዱ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከኋላ ይታይ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ሰው አረማመድ በሶሉ ላይ ተቀርጿል፤ የልጁንም ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ወደዚያው ይጎትተዋል። የውስጥ ሶሉን ግን አውጥቶ በአዲስ መቀየር ቀላል ነው። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ከጉዞው በፊት ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ አፍንጫውን በክር ማሰፋት ጥሩ ዋስትና ነው፤ መላቀቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

አንገቱ ከፍ ያለ ጫማ ከወለምታ ያድናል?

ይህ እንደሚታሰበው የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ድምፅ የላቸውም። ቁርጭምጭሚትን በዋናነት የሚጠብቁት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው፤ እነርሱም በልምምድ ይጠነክራሉ። ከፍ ያለ አንገት በእርግጠኝነት የሚጠቅመው ጠጠርና ጭቃ እንዳይገባ፣ ቁርጭምጭሚትም በድንጋይ እንዳይመታ ነው። ጓሳ ላይ ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ካልሲውስ?

ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ቶሎ አይደርቅም። ሱፍ ወይም ሱፍ ከናይለን ጋር የተቀላቀለበት ካልሲ ረጥቦ እንኳ ሙቀት ይይዛል። ከወፍራሙ ካልሲ ሥር ስስ የናይለን ካልሲ ቢደረብ መተሻሸቱ በሁለቱ ካልሲዎች መካከል ይሆንና ቆዳው ያርፋል። ለሁለት ቀን ጉዞ ቢያንስ ሦስት ጥንድ ይያዝ፤ አንዱ ጥንድ በፌስታል ተቋጥሮ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት በረጠበ ካልሲ ማደር እግርን ይጎዳል።

አዲስ ጫማ ስንት ጊዜ ቢለመድ ይበቃል?

ጨርቅ የተቀላቀለበት ቡትስ በሁለት ሳምንት፣ ወፍራም ቆዳ ያለው ደግሞ በአንድ ወር ከግማሽ ያህል ጊዜ ይላመዳል። መጀመሪያ ቤትና ሠፈር ውስጥ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም የጉዞውን ሻንጣ በጀርባ አዝሎ ወደ ጦሳ ተራራ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ሐረጎ ዳገት ወጥቶ መመለስ ጥሩ ፈተና ይሆናል። ያለ ሸክም የተመቸ ጫማ ሸክም ሲጨመርበት የተለየ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል፤ ሸክሙ እግሩን ሲጫነው መዳፉ ይሰፋልና።

በልምምዱ ወቅት የራሰ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥ። ዛፍ በሌለበት ደጋ የኩበት እሳት ሲገኝ ጫማን ወደ እርሱ ማስጠጋት ያጓጓል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ማስቲሹንም ያላቅቃል። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልቶ፣ ጋዜጣው ሲረጥብ እየቀየሩ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ማቆየት ይሻላል።

ጉዞው አንድ ሳምንት ብቻ ቢቀረውስ?

በዚህ ጊዜ አዲስ የቆዳ ቡትስ መግዛት አይመከርም። ልጁ በየቀኑ የሚያደርገው፣ ሶሉ ያላለቀና እግሩን የለመደው ጫማ ካለ፣ ስኒከር እንኳ ቢሆን፣ ሸክሙን ቀንሶና መንገዱን ከጨፌው ራቅ አድርጎ በእርሱ መሄድ ካልተለመደ ቡትስ ይሻላል። የጫማው ክር ይቀየር፤ ትርፍ ክርም ይያዝ። ፕላስተር፣ የጥፍር መቁረጫና ተለዋጭ ካልሲ ከሻንጣው ላይኛ ኪስ ይቀመጡ። ጥፍሮቹ ከጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት ቀጥ ተደርገው ይቆረጡ፤ በዋዜማው ከተቆረጡ ጠርዛቸው ሳይለዝብ ይቀርና ቁልቁለቱ ላይ አጠገብ ያለውን ጣት ይቆርጣል።